የልብ ምት የሚያነብ ኮምፒዩተር፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አዲስ ቅዳም፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ የቅዳሜ ገበያ ከተማ ናት። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በባሕር ዳር መንገድ ላይ ተቀምጣ የፋግታ ለኮማን ከሰል ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። የከሰሉ ዋጋ እዚህና እዚያ አንድ አይደለም፤ በመካከል የጭነት መኪና አለ፣ ደላላ አለ። የልብ ምት ምርመራም የራሱ መካከለኛ አለው። ኢሲጂ አንሥቶ ወረቀቱን ማውጣት ለነርስም አይከብድም። የሚጠፋው ወረቀቱን የሚያነበው የልብ ሐኪም ነው።

አሁን ይህን ንባብ ኮምፒዩተር መሥራት ጀምሯል። ሐኪሞች ለይተው ምልክት ያደረጉባቸውን የልብ ምት ቅጂዎች እያየ ራሱ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ53,549 ሕሙማን በተገኙ 91,232 ቅጂዎች ያስተማሩት ፕሮግራም 12 ዓይነት ምቶችን ለይቶ በአማካይ የልብ ሐኪሞችን በልጧል። ቅጂዎቹ የተገኙት አይሪዝም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደረት ላይ ከሚለጥፈው መሣሪያ ነው።

ለገበያ ሰው ትምህርቱ ያለው እዚሁ ኩባንያ ላይ ነው። በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ለምርመራው የሚከፍለው ዋጋ በጣም ዝቅ ማለቱ ሲሰማ፣ የአይሪዝም አክሲዮን በአንድ ቀን ሲሶ ያህል ወደቀ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ከፋዩ ነው እጁን የሰበሰበው።

ወደ እኛ እንመለስ። በአገራችን በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ሩማቲክ የልብ በሽታ የልብን ቫልቭ ያበላሻል፤ የምት መዛባቱም ወጣቱን ይይዛል። የአፕል ሰዓት ኢሲጂ ግን የተፈቀደው ዕድሜው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያው ስሪት ደግሞ ምቱ በደቂቃ ከ120 ካለፈ ሕመሙን መለየት አይችልም ነበር። ያልታከመ ሕመምተኛ ልብ ግን ከዚያ በላይ መምታቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰዓት አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ቆም ይበል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩም ርካሽ አይደለም።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት በሩማቲክ ሕሙማን ላይ አሮጌው ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ዋርፋሪን ራሱ ርካሽ ነው። ነገር ግን ደሙ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ሕመምተኛው በየጊዜው መመርመር አለበት። ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ ለዚህ የሚመላለስ ገበሬ የትራንስፖርቱ ወጪ ከመድኃኒቱ ሊበልጥበት ይችላል።

በእኔ ግምት ገንዘቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ኢሲጂና የደም ምርመራ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ክፍያውም ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጋር አስቀድሞ በውል የታሰረ። አንባቢው ፕሮግራም ከውሉ በኋላ የሚገዛ ዕቃ ነው።