ዋግና የጉለሌ ሣር

የክረምቱ ዝናም አብቅቶ ሰማዩ በሚጠራበት በወርኃ መስከረም፣ ከጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ወዲያ ባለው ተዳፋት በማለዳ የሚሄድ መንገደኛ፣ በመንገዱ ዳር የበቀለውን ስናር በሁለት ጣቶቹ ይዞ ከሥሩ ወደ ራሱ ቢስበው፣ ጣቱ የጡብ ትቢያ የነካ መስሎ የሚቀላበት ጊዜ አለ። ይህ ትቢያ፣ ገበሬው ዋግ የሚለው፣ ቅዱስ መጽሐፍም ከአረማሞ ጋር አስተባብሮ ከመቅሠፍታት የሚቆጥረው ደዌ ዘር ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ከሚሊሜትር 20ኛ እጅ የምታንስ ብትሆንም ሕያው ፈንገስ ናት።

ቅንጣቲቱ በነፋስ ተጭና ከቅጠል ላይ ካረፈች በኋላ፣ የሌሊቱ ጠል ለጥቂት ሰዓታት ሳይደርቅ ከቆየላት፣ እንደ ክር የቀጠነ ቡቃያ አውጥታ የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳ ትሻለች፤ በዚያም ገብታ የሣሩን ምግብ ስትመገብ ሰንብታ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆዳውን ሰንጥቃ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር አዲስ ብናኝ ለነፋስ ትሰጣለች።

ታዲያ ኃይሉ እንዲህ ከሆነ፣ መስኩን ሁሉ ስለ ምን አልፈጀውም? ዋግ ዘር መራጭ ስለሆነ ነው። የስናር ዋግ ስንዴን አይዝም፤ የስንዴው ዋግ ግን ገብስንና አንዳንድ የዱር ሣሮችን ይዳፈራል። ሰንበሌጡ ከሰርዶው፣ ሰርዶው ከማገጡ ተደባልቆ በበቀለበት መስክ፣ ከሚበተነው ብናኝ አብዛኛው ከማይስማማው ቅጠል ላይ ወድቆ በከንቱ ይቀራል።

የእርሻው ነገር ግን ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ የአገራችንን ስንዴ ክፉኛ ከጎዳ በኋላ፣ ብዙው ገበሬ ያን ደዌ የሚቋቋመውን ዲገሉ የተባለ ዝርያ ዘራ፤ በ2006 ዓ.ም. ግን ግንድ ዋግ የተባለው ሌላው ዓይነት ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ይኸንኑ ዲገሉ አጠፋው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበረ፣ ለአንዱ የተከፈተው በር ለሁሉ ተከፈተ።

ዋግ ከሕያው አካል በቀር ማደሪያ ስለሌለው፣ አዝመራው ታጭዶ እስኪዘራ ድረስ በወንዝ ዳር በለመለመ ሣርና ሳይዘራ ከወደቀ ፍሬ በበቀለ ስንዴ ላይ ይከርማል። የትኛው ዋግ የትኛውን እህል እንደሚይዝም ዓይን ብቻውን አይለይም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በመስክ ስትመላለስ ጣትህ ከቀላ፣ ልብስህንና ጫማህን ሳታጥብ ከሰው ስንዴ ማሳ አትግባ።