«ስትወልጂ ይስተካከላል» ከመባልዎ በፊት

ይህ ምክር ብዙ ሴቶችን ለዓመታት ሳይመረመሩ አቆይቷል። የወር አበባዎ ከ21 ቀን ባነሰ ወይም ከ35 ቀን በላይ በሆነ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። እንቁላል ሳይወጣ ለወራት ሲቀር የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ሊወፍር፣ ውሎ አድሮም ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የወር አበባ ያዩባቸውን ቀናት ጽፈው ይያዙ። የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ መርፌው ራሱ ሊያዛባው ወይም ሊያስቀረው ይችላልና። በቅድሚያ እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ ከዚያም የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች በደም ምርመራ ይታያሉ።

በአልትራሳውንድ «ሲስት ታየ» መባል ብቻውን ፒሲኦኤስ አለብዎት ማለት አይደለም። በአዋቂ ሴት ላይ ሌሎቹ ሕመሞች አለመኖራቸው ከተጣራ በኋላ፣ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መገኘት አለባቸው፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት (ለምሳሌ በአገጭ ላይ የሚበቅል ፀጉር) እና በእንቁላል ማመንጫው ላይ የሚታይ ለውጥ።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል ቀኑን ሊያስተካክልልዎ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አይነግርዎትም። ስለዚህ የመድኃኒት ማዘዣውን ተቀብለው ከመነሳትዎ በፊት «የተዛባብኝ በምን ምክንያት ነው?» ብለው ይጠይቁ።