በወረርሽኝ ዘመን ሀገር ቤት መግባት

በኮቪድ 19 ዘመን ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰቡን ለማየት ሲነሣ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። ይገባል ወይ? ገብቶስ ይመለሳል ወይ? ለሚናፍቁት ሰዎች ምን ይዞባቸው ይሄዳል? የመጀመሪያውን የሚመልሰው የኢትዮጵያ ደንብ ነበር። ሁለተኛውን የሚኖርበት ሀገር ሕግና የራሱ ወረቀት፣ ሦስተኛውን ደግሞ የቫይረሱ ጠባይ ይመልሱታል። ሦስቱ መልሶች የሚገጥሙበት ወቅት ጥቂት ነበር፤ የገጠሙ ሲመስሉም ከመካከላቸው አንዱ ይለወጣል።

የመግቢያው በር

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ነው። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ማግኘቷን አስታወቀች፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ወደ ሀገር የሚገባ ሰው ሁሉ በራሱ ወጪ በተመረጡ ሆቴሎች 14 ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ብዙ ሀገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። መጋቢት 30 የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ።

አሥራ አራት ቀን ቀላል አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ፈቃድ ለምኖ የሚያገኝ ሠራተኛ ዕረፍቱ በሆቴል ክፍል ውስጥ ያልቅበታል። ምግቡ በር ላይ ይቀመጥለታል፤ እናቱ በታክሲ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ እያለች የሚያያት በስልክ ነው፣ ልክ ውጭ እንደነበረ ጊዜ። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ወራት የገባው በአብዛኛው መግባት ግድ የሆነበት ሰው ነበር።

ኋላ ላይ ደንቡ ላላ። ከቫይረሱ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የፒሲአር ወረቀት ይዞ የመጣ መንገደኛ በቤቱ ራሱን ለይቶ እንዲቆይ ተፈቀደለት። ወጪው ቀነሰ፤ ጥንቃቄው ግን ከመንግሥት ወደ ቤተሰቡ ተላለፈ። ለብቻው ክፍልና መጸዳጃ ሊሰጠው የሚችል ቤት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው መንገደኛ ራሱን ለይቶ የሚቆየው ሊጠነቀቅላቸው ከሚገባ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር።

የመመለሻው በር

ብዙ ሰው ቲኬት ሲቆርጥ የሚያሰላው መግቢያውን ነው። ሰው ሲያስቀር የነበረው ግን በአብዛኛው መመለሻው ነው።

እንግሊዝ መጋቢት 10 ቀን 2013 ኢትዮጵያን በቀይ መዝገቧ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ከኢትዮጵያ የተመለሰ የእንግሊዝ ነዋሪ መንግሥት በመደበው ሆቴል 10 ቀን የመቆየት ግዴታ ነበረበት፤ ዋጋው ለአንድ ጎልማሳ 1,750 ፓውንድ ሲሆን በነሐሴ 2013 ወደ 2,285 ከፍ ብሏል። ኢትዮጵያ ከመዝገቡ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ነው። በእነዚያ ሰባት ወራት ለአንድ ሰው ከቲኬቱ ይልቅ የመመለሻው ሆቴል ይወደድ ነበር።

እስራኤል በሚያዝያ 2013 ዜጎቿ እንዳይሄዱባቸው ከከለከለቻቸው ሰባት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ዓመታት የሚጠባበቁ ወንድምና እህት ላሏቸው ቤተ እስራኤላውያን ክልከላው ትርጉሙ ከሽርሽር መቅረት ያለፈ ነው። ሳውዲ ዓረቢያም በሰኔ 2013 መጨረሻ ከኢትዮጵያ የሚመጡ መንገደኞችን አገደች። በአሠሪ ፈቃድ ለሚወጣና ለሚገባ ሠራተኛ እንዲህ ያለው እገዳ ሥራውንም ኢቃማውንም (የመኖሪያ ፈቃዱን) ሊያሳጣው የሚችል ነው።

አሜሪካ ከጥር 18 ቀን 2013 ጀምሮ በአውሮፕላን የሚገባን ሁሉ፣ ዜጋዋንም ጭምር፣ የምርመራ ወረቀት ጠየቀች፤ ግዴታው እስከ ሰኔ 5 ቀን 2014 ቆየ። ናሙናው መጀመሪያ ከበረራ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት፣ ከኅዳር 27 ቀን 2014 ወዲህ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ መሰጠት ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሻንጣው ታስሮ፣ በርበሬውና ሽሮው ተጠቅልሎ ሳለ ይቀር ነበር። ፈቃዱ አልቆ ሥራ ቦታው የሚጠብቀው ሰው ይህን ዕድል ሳያሰላ የተነሣ እንደሆነ ዋጋውን የሚከፍለው በመጨረሻው ቀን ነበር።

በዚህ ላይ የወረቀት ጉዳይ አለ። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ወረርሽኝ ባይኖርም ሀገር ቤት መሄዱ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየ የዜግነት ማመልከቻው ሊሰናከል ይችላል፤ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ነዋሪነቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል። በረራ በተቋረጠበት ዓመት ለሦስት ሳምንት የወጣ ሰው ስንት ወር እንደሚቆይ እርግጠኛ አልነበረም።

የቫይረሱ ሒሳብ

ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል፤ እስከ 14 ቀን ሊዘገይም ይችላል። የለይቶ ማቆያው 14 ቀን ከዚህ የመጣ ነው። የፒሲአር ምርመራ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱን ሊስት ይችላል፤ ገና አልተባዛምና። ሰኞ ናሙና የሰጠ ሰው ማክሰኞ ሊያዝ፣ ሐሙስ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ቦሌ ሊወርድ ይችላል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ናሙናው ስለተወሰደበት ሰዓት ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ሰው የፈራውን ያህል አደገኛ አልነበረም። በውስጡ ያለው አየር በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል፤ ማጣሪያውም ጥቃቅን ብናኝን 99.97 በመቶ ይይዛል። አደጋው ይበልጥ የሚታየው በኤርፖርት ሰልፍ፣ ማስክ ወልቆ በሚበላበት ሰዓትና ከሁሉም በላይ በአቀባበሉ ነው። ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ ቦሌ ይመጣል። ቤት ሲደረስ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እንኳን ደህና ገባህ ባዩ ለሳምንት አያቋርጥም። አያት አንገት አቅፋ ሳትስም አትለቅም። መንገደኛው ቢከለክላት እንደ ኩራት ይቆጠርበታል፤ ባይከለክላት ደግሞ በሽታው የሚበረታው በዕድሜ በገፉትና ስኳርና ደም ግፊት ባለባቸው ላይ ነው።

ክትባቱ ይህን ሒሳብ ለወጠ፣ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ኢትዮጵያ መከተብ የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ ነው፤ ክትባቱ ውስን ስለነበር ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት አሜሪካ የሚኖር ልጅ ሁለቱንም ዙር ጨርሶ ሳለ አባቱ ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የልጁን ሕይወት ይጠብቃል፤ ቫይረሱን ይዞ እንዳይገባ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ለምን ሊሄዱ ነው?

ውሳኔውን በመጨረሻ የሚያጋድለው የጉዞው ምክንያት ነው። ሠርግና ክርስትና ይቆያሉ፤ ሕመምና ሞት አይቆዩም።

በሕመም ጊዜ ትልቁ ችግር እውነቱን ማወቅ ነው። ሀገር ቤት ያለ ቤተሰብ ውጭ ያለው እንዳይጨነቅ ይደብቃል። «ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» የሚባለው ጉንፋን ላይም ይባላል፣ ከፍተኛ ክትትል ክፍል ውስጥ ያለችም ላይ ይባላል። በሩ ክፍት በነበረ ዘመን ይህ የሚታረመው ድንገት በመሄድ ነበር። በወረርሽኙ ግን ቤተሰቡ ለመንገደኛው ሲል የደበቀው ነገር ለመወሰን የሚያስፈልገው ዋና መረጃ ሆነ፤ ስለዚህ ሐኪሙን ወይም የማይሸፍን አንድ ዘመድ ማግኘት ከቲኬት የሚቀድም ሥራ ነበር።

ሞት የራሱ የጊዜ ሥርዓት አለው። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ቀብር ስለማይዘገይ ከአሜሪካ የሚነሣ ሰው በደህናውም ጊዜ ለቀብር መድረሱ ያዳግተው ነበር። ተስፋ የሚያደርገው ለሰልስቱ ወይም ለድንኳኑ ለቅሶ ነው። አሥራ አራት የሆቴል ቀናት ሲጨመሩ ሰልስቱ ያልፋል፣ ድንኳኑም ይነቀላል። ከክርስቲያኖቹ መካከል ያልሆነላቸው ዕቅዳቸውን ለአርባው፣ ለሰማንያው ወይም ለሙት ዓመቱ አዛወሩ። በውጭ ያለው የመርዶ ሥርዓትም ተናጋ። ማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ወዳጅ ቁጥሩ አነሰ፤ አንዳንድ ቤት ማስክ ያደረጉ ሁለት ሦስት ሰዎች ከደጅ ቆመው አረዱ፣ አንዳንዱም መርዶውን በስልክ ሰማ።

የ2014 ገና

ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ወቅት ተደርበው የታዩት በ2014 ገና ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንድ ሚሊዮን ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆች ለታኅሣሥ 29 ሀገር ቤት እንዲገቡ ጋበዙ። ጥሪው የመጣው በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መካከል፣ አሜሪካ ዜጎቿን ከኢትዮጵያ እንዲወጡ በምታሳስብበት ሰሞን ነው። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 17፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዲሱ የቫይረሱ ዝርያ ኦሚክሮን የሚል ስም አወጣ፤ በታኅሣሥም በኢትዮጵያ የሚያዘው ሰው ቁጥር አሻቀበ። ለአንዱ መሄድ ለሀገር መቆም ነበር፣ ለሌላው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ እናቱን ማየት። ቲኬቱ ግን አንድ ነበር፤ የአንድ ቀኑን ምርመራ አሜሪካ ከሁለቱም ትጠይቅ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አነሣ። የመግቢያና የመመለሻ በሮቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ፤ ወረቀቱ ያላለቀለት ግን ዛሬም ይጠብቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ከደንቡ ጋር አልተነሣም። እያሳለው ወደ ሰማንያ ዓመት እናቱ ቤት ሊገባ የቆመ መንገደኛን ዛሬ የሚያስቆም የቦሌ ሹም የለም። ጥቂት ቀን ሆቴል አድሮ፣ ተመርምሮ፣ ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ቡናውን መጠጣት ለራሱ የተተወ ነው።