ልጆቻችን በቀን ስንት ሰዓት ከቤት ውጭ ይጫወቱ?



የዛሬው ርዕሳችን ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በየቤቱ በየቀኑ የሚያነታርክ ጉዳይ ነው። ትንንሽ ልጆች ከቤት ውጭ ሊጫወቱ ይገባል ወይ? ይገባል ከተባለስ በቀን ለስንት ሰዓት?

ነገሩን በአንድ ሰፈር ላይ አድርገን እንመልከተው። ድሬዳዋ ውስጥ «ታይዋን» ሲባል ለሁሉም ቀድሞ ትዝ የሚለው ገበያው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው፣ ልብሱ፣ ሸማቹ፣ ተሸካሚው፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያ ይጋፋል። እንዲህ ባለ ገበያ አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን የት ያጫውት? እናት ልጇን ወደ ውጭ ብትለቀው ባጃጁ ያስፈራታል። ቤት ብታስቀምጠው ደግሞ ቴሌቪዥንና ሞባይል ላይ እንደተተከለ ይውላል። አባት ሱቁ ውስጥ ስለሚውል ይህን ሁሉ አያየውም። አያት ደግሞ «እኛ ውጭ ተጫውተን አይደል እንዴ ያደግነው!» ይላሉ። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የእኛ ድርሻ እነዚህን እውነቶች ማስታረቅ ነው።

ጨዋታ የልጅ ሐቅ ነው

በመጀመሪያ ጨዋታን እንደ ዋልጌነት የሚመለከቱ ወላጆች አሉና በዚህ ላይ ጥቂት እንበል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነቱ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግል ነበር። አንድ ቀን ለጉዳይ ላኩት። በመንገዱ ላይ ልጆች ገበያ ውስጥ ሲጫወቱ አገኘና እዚያው ቆየ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላው መጥተው ማጅራቱን ያዝ አደረጉት። ዞር ብሎ ሲያይ ፈገግ ብለው ነበር። ስሙን አቆላምጠው ጠሩት፤ ወደ ላኩት ቦታ ሄዶ እንደሆነም ጠየቁት። ሙስሊም የዘገቡት ይህ ታሪክ ለገበያ ሰፈር ወላጅ ትልቅ ትምህርት አለው። ልጁ በመጫወቱ አልተገረፈም፤ አልተሰደበምም። ግን ደግሞ የት እንዳለ የሚፈልገው፣ የሚከታተለው ትልቅ ሰው ነበረው።

በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ በጦር ሲጫወቱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መፍቀዳቸው የታወቀ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውንም አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ኢማም አል-ገዛሊም «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ልጅ ከትምህርት ሲመለስ ድካሙን የሚያወጣበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ጽፈዋል። ጨዋታ ተነፍጎት ሁልጊዜ ቅራ እየተባለ የሚጨናነቅ ልጅ ልቡ ይሞታል፤ ትምህርቱንም ይጠላል ይላሉ። ከትምህርት ቤት ወደ መድረሳ፣ ከመድረሳ ወደ ጥናት የሚሯሯጡ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ።

በሱረቱ ዩሱፍ የተነገረውንም እናስታውስ። ወንድሞቹ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ይዘው ለመሄድ አባታቸውን ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት እንዲጫወት የሚል ነበር። ነብዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ጨዋታ መጥፎ ነው አላሉም። የሰጉት እነርሱ ተዘናግተው ሳሉ ተኩላ እንዳይበላው ነው። ስጋታቸው በጠባቂዎቹ መዘናጋት ላይ ነበር። የዛሬው ጥያቄያችን መልስም ከዚሁ ይነሳል። ልጅን ከጨዋታ መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ ያለ ጠባቂ መልቀቅም አይገባም።

ስንት ሰዓት? በዕድሜ እንየው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መመሪያ አውጥቷል። ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ንቁ በሆነበት ሰዓት በቀን ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከፋፍሎ፣ በሆዱ ተኝቶ እንዲፍጨረጨር ይመክራል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ መንቀሳቀስ አለባቸው። 3 እና 4 ዓመት ለሆናቸው ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው የሚያስሮጥና ልብ የሚያስመታ ሊሆን ይገባል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ ድርጅቱ በ2020 ባወጣው መመሪያ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ አስቀምጧል። ስክሪንን በተመለከተ ለ1 ዓመት ልጅ ጨርሶ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ ነው ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች ስለ እንቅስቃሴ የሚናገሩ ናቸው፤ ሁሉም ውጭ ይሁን አይሉም። ነገር ግን እንጠይቅ፤ ፍራሽ፣ ቁምሳጥንና የውሃ በርሜል በሞላው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ የት ይሮጣል? አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የገመድ ዝላይ ሁሉ ሜዳ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው እንቅስቃሴ ውጭ መሆኑ አይቀርም።

የዓይን ነገር

«ውጭ» መሆኑ ራሱ ለምን ይጠቅማል? አንዱ ምክንያት ዓይን ነው። የሰፈራችን ስም ታይዋን ነው፤ ስሙን የምትጋራው የእስያ ደሴት ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ሆና እናገኛታለን። በዚያች ደሴት የተማሪዎች የሩቅ ነገር አጥርቶ ያለማየት ችግር ለረጅም ዓመታት እየጨመረ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ተማሪዎች በየቀኑ 120 ደቂቃ ውጭ እንዲውሉ የሚያበረታታ አገር አቀፍ ፕሮግራም ተጀመረ። የማየት ችግር ያለባቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2012 ከነበሩበት 49.4 በመቶ በ2015 ወደ 46.1 በመቶ ወረዱ። ለዓመታት ሽቅብ ብቻ ሲሄድ የነበረው ቁጥር አቅጣጫውን ቀየረ።

በቻይና ጓንግዡ ከተማም አንደኛ ክፍል ለገቡ ልጆች በየቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነርሱ መካከል የቅርብ ብቻ የማየት ችግር የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን 39.5 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ደማቅ የቀን ብርሃን በዓይን ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይን ኳስ ያለ ልክ ወደ ኋላ እንዳይረዝም ይረዳል። ደስ የሚለው ነገር ልጁ ለዚህ ሲባል ፀሐይ ላይ መቀቀል የለበትም። በዛፍ ጥላ ሥር ያለው የቀን ብርሃን እንኳ ከቤት ውስጥ መብራት ብዙ እጥፍ ይደምቃል። በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ብይ የሚጫወት የድሬ ልጅ ዓይኑ የሚያስፈልገውን ብርሃን እያገኘ ነው።

የአጥንት ነገር

ሌላው ምክንያት አጥንት ነው። ቆዳችን የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ይህ ሲጎድል የልጁ አጥንት ይለፈሰፈሳል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ ጥርሱና እርምጃው ይዘገያል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ ይኖራል ወይ የሚል ካለ፣ ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙትን ይስማ። ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል በ210ሩ ላይ ሪኬትስ ተገኘ። ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ላይ ግን የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነበር። ፀሐይ ደጃፍ ላይ መኖሯ ብቻውን ሕፃኑን አይጠቅመውም። «ዓይነ ጥላ ይመታዋል»፣ «ብርድ ያገኘዋል» እየተባለ ተሸፋፍኖ የሚያድግ ሕፃን በፀሐይ አገር እየኖረ ፀሐይ ይራባል። እናቶች ሕፃኑን በጠዋት ፀሐይ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ ፊቱን ከጨረሩ መልሰው፣ በመስኮት መስታወት ሳይሆን በቀጥታ ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት።

የድሬ ፀሐይና የሶላት ሰዓት

እዚህ ላይ ደጋና ቆላ ይለያያሉ። በድሬዳዋ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሩጫ አይሆንም። ድሬ ራሷ በዚህ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ታርፋለች፤ ልጅም ቢተኛ ወይም በጥላ ሥር ዕቃ ዕቃ ቢጫወት ይሻላል። ትልቅ ሰው ዕረፍት ላይ ሲሆን «ሂድ ውጭ ተጫወት» ብሎ ልጅን በቀትር ማባረር ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ልጅ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መልፈስፈስ ካሳየ ወደ ጥላ ወስዶ ውሃ ማጠጣት፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይገባል። ከቃዠ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ታዲያ ጊዜው የት አለ? አልሐምዱ ሊላህ፣ የሶላት ሰዓቶቻችን ራሳቸው ይከፋፍሉልናል። ከፈጅር በኋላ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡት አንድ ሰዓት ማግኘት አይከብድም። ከዐስር እስከ መግሪብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ አለ። መድረሳ የሚሄድ ልጅ እንኳ ከዚህ ላይ አንድ ሰዓት አያጣም።

መግሪብ ሲደርስስ? ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምሽት ሲሆን ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ አዘዋል፤ ሸይጧኖች የሚሰራጩበት ወቅት ነውና። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አስተውሉ፤ ሰብስቡ የሚባለው ውጭ የነበረ ልጅ ነው። ሐዲሱ የጨዋታውን ማብቂያ ሰዓትም አብሮ ሰጥቶናል።

ተኩላው ማን ነው?

ነብዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ተኩላን ፈርተው ነበር። የእኛ ሰፈር ተኩላዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ተሽከርካሪ ነው። ከስድስትና ሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚመጣውን ባጃጅ ፍጥነትና ርቀት መገመት አይችልም፤ ስለዚህ ቢመከርም አይበቃውም፤ የሚያየው ዓይን ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ደቻቱ ነው። አሸዋው ደረቅ ሲሆን ለኳስ ያማልላል። ሆኖም ዝናቡ ደጋው ላይ ከዘነበ ከተማዋ ሳታካፋ ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በክረምት ወራት ልጅ ወንዙ ውስጥ አይጫወት። ሦስተኛው ትንኝ ናት። ድሬዳዋ በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ በ2022 ደግሞ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ የወባ ትንኝ ወረርሽኝ አስነስታለች። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትነክሳለች። መፍትሔው ልጁን ቤት መዝጋት አይደለም፤ ትንኟ ቤት ውስጥም አለችና። በርሜሉንና ሮቶውን መክደን፣ በአሮጌ ጎማና በጣሳ የተጠራቀመውን ውሃ መድፋት ነው።

ሴት ልጆቻችንስ?

ብዙ ቤት ወንዱ ደጅ ይላካል፤ የአምስት ዓመቷ እህቱ ግን ታናሿን ታዝላ ቤት ትቀራለች። የእርሷም አጥንት ያው አጥንት፣ ዓይኗም ያው ዓይን ነው። በልጆቻችን መካከል ፍትሐዊ እንድንሆን ታዘናል፤ ፍትሕ በልብስና በምግብ ብቻ አይወሰንም።

ብቻችንን አንችለውም

ሱቅ የሚውል አባትና ምጣድ ላይ ያለች እናት ለሁለት ሰዓት ልጅ ቆመው ሊጠብቁ አይችሉም። አምስት ቤተሰብ ቢስማማ ግን እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ከዐስር በኋላ አንዲት እናት ወይም አንድ አዛውንት በርጩማ አውጥተው ቢቀመጡ ያለውን ልጅ ሁሉ ይጠብቃሉ። የሰፈር ሽማግሌዎችና የመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ ቅያስ ለዚያች ሰዓት ከባጃጅ ነፃ እንዲሆን ከቀበሌው ጋር ቢመካከሩ የማይቻል አይደለም። አዲስ አበባ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ትላልቅ መንገዶችን በተወሰኑ እሑዶች ለሰው ስትከፍት አይተናል። አንድ ጠባብ ቅያስ ከዚያ አይከብድም።

ነጋዴዎችና አሽከርካሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች የመንገድን ሐቅ ሲዘረዝሩ ጎጂ ነገርን መከልከል አንዱ ነበር። ሰሌዳና ካርቶን የእግረኛውን መንገድ ሲዘጋው ልጁ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ዕቃህን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ብትስብ የአንድ ልጅ ሕይወት ልታተርፍበት ትችላለህ።

እንግዲህ ለማጠቃለል፤ ሕፃኑን በጠዋት ፀሐይ እናሙቀው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለውን በቀን ሦስት ሰዓት እናንቀሳቅሰው፤ ከዚህም ሁለቱን ሰዓት ጠዋትና ከዐስር በኋላ ከፍለን ውጭ እናድርገው። ትምህርት ቤት የገባውም በትምህርት ቤት ዕረፍቱና ከዐስር በኋላ ተደማምሮ ሁለት ሰዓት የቀን ብርሃን አይጣ። በቀትር ጥላ፣ በመግሪብ ቤት። ሁልጊዜም ጠባቂ ዓይን አይለየው።

ልጆቻችን አማና ናቸው፤ ሁላችንም ጠባቂዎች ነን፤ ስለምንጠብቀውም እንጠየቃለን። አላህ ልጆቻችንን ከአደጋ ይጠብቅልን፤ ለዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ አሚን።