ደም ብዛትና የቤታችን ጨው



በነቀምቴ ከተማ ቡርቃ ጃቶ በተባለው ሰፈር የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ቡና ተፈልቶ፣ እንደ አገራችን ልማድ ጨው ተጨምሮበት ሁለተኛው ከተጠጣ በኋላ፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ልጅ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሐኪሙ ደም ብዛት አለብዎ ብሎ ክኒን ሰጠኝ። አንድ ወር ዋጥሁት። አሁን ራሴን አያመኝም፤ እንቅልፌም ደኅና ነው። ስለዚህ ክኒኑን ትቼ ነጭ ሽንኩርት በማር እበላለሁ። ደግ አላደረግሁም?» አሉኝ።

እኔም የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ታላቅ ወንድማቸው ከሁለት ዓመት በፊት ማታ ደኅና ውለው ገብተው፣ ጧት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸውም ተይዞ እንደ ተገኙ አስታወስሁ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ «ምች መታቸው» ብሎ ነበር። እሳቸውም እንደዚሁ ደም ብዛት አለብዎ ተብለው፣ ደኅና ነኝ ብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ሰው ነበሩ። የአጎቴ ጥያቄ ስላስፈራኝ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። በአማርኛ «ደም ብዛት» ስንል ሰሚው በሰውነቱ ያለው ደም ከልክ በላይ የበዛ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ በዋግምት ደሙን ያስወጣል፤ አንዳንዱም ደም ያቀጥናል ብሎ ሎሚ ይጠጣል። የወለጋ ሰው ግን በኦሮምኛ «ዺባ ዺጋ» ይለዋል፤ ይኸውም የደም ግፊት ማለት ነው። ይህ ስም ለእውነቱ ይቀርባል። ምክንያቱም የበሽታው ቁም ነገር ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ልብ ደምን ትገፋለች፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሲጠብቡና ሲደርቁ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው ውኃ ሲጨምር፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። ቀጭን ቧንቧ ዘወትር ከዐቅሙ በላይ በሆነ ውኃ ቢገፋ ውሎ አድሮ መቀደዱ ወይም መበላሸቱ የማይቀር ነው። የሰውም ሥር እንደዚሁ ነው። የሚበላሸውም በአንጎል፣ በልብ፣ በኩላሊትና በዓይን ውስጥ ነው። ሰፈሩ ምች ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍረስ ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አለማሳመሙ ነው። ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲዘፍን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ራሴን አያመኝም» ማለት ድኛለሁ ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው መለኪያው ብቻ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ በ1896 እ.ኤ.አ. በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ አወጣ፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍም በ1905 እ.ኤ.አ. የሥሩን ድምፅ በማዳመጫ በመስማት ዛሬ የምንጽፋቸውን ሁለት ቁጥሮች ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀኖች በትክክል ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል ይባላል።

ለመለካትም ወግ አለው። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡናና ሲጃራ አይወሰድም፤ ሽንትም አይያዝም። አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ፣ ሳይነጋገሩ ይለካል። ከገበያ ሮጦ ገብቶ ወዲያው የተለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የሩጫው ጭምር ነው።

ይህ በሽታ የሀብታሞችና የወፍራሞች ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አለ፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። ይህም በወጡ፣ በዳቦው፣ በበርበሬውና በቡናው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

እንግዲህ ወደ ጨው መጣን። ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃን ይይዛል። ኩላሊት ትርፉን ጨው ለማስወጣት ሲቸገር በደም ውስጥ ያለው ውኃ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። በአገራችን በወለጋ ቡና በጨው መጠጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ቅቤ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ምዕራብ ገበያዎች በሚመጣበት፣ እንደ ገንዘብም በሚቆጠርበት ዘመን፣ ለእንግዳ በቡናው ላይ ጨው መጨመር ትልቅ አክብሮት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ ግን ጨው በየሱቁ ይገኛል፤ እጃችን ረከሰ፣ መጠኑ ግን አልታሰበም። እስቲ እናስላው። በአንድ ስኒ ግማሽ ግራም የምታህል ቁንጥጫ ቢገባ፣ ሦስት ስኒ ጧት፣ ሦስት ስኒ ማታ የሚጠጣ ሰው ከቡና ብቻ ሦስት ግራም ጨው ወሰደ ማለት ነው። ምሳና ራት ገና አልተቆጠሩም!

ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዋናው ጥፋተኛ ቡናው አይደለም። ቡና ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ሊያደርግ ቢችልም፣ በለመደው ሰው ላይ ይህ ኀይሉ ይቀንሳል። ግፊቱ በጣም ከፍ ያለበት ሰው ቡናውን መጠነኛ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ጨውን ማስቀረት ግን ለሁሉም ይጠቅማል። ጣዕም የፈለገ ጤና አዳም ሊነክርበት ይችላል፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ጤና አዳምን ቢተዉት ይሻላል። ጨውን ባንድ ቀን ማስቀረት ያስቸግራል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ እኛም ለራሳችን ስንል ብንቀንሰው ምን ይለናል?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በወለጋ ደጋማ ቦታዎች እንቅርት የታወቀ ችግር ነበር፤ መንሥኤውም የአዮዲን እጥረት ነው። ለዚህም ሲባል በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ታዝዟል። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ትተን ወደ ሌላው እንመለስ ማለቴ አይደለም። ያንኑ አዮዲን ያለበትን ጨው በጥቂቱ እንጠቀም ማለቴ ነው።

ከመቀነስ ሌላ መጨመር ያለበት ምግብም አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ «ዳሽ» የተባለ ጥናት 459 ሰዎችን መርምሮ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ስቡ የወጣለት ወተት በብዛት ሲበሉ፣ ስብና ጣፋጭ ሲቀንሱ፣ ግፊታቸው ቀድሞውኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በ11 ያህል እንደ ወረደ አሳይቷል። ይህ ከአንድ ክኒን ሥራ የሚተናነስ አይደለም። ምግቡም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብርቅ አይደለም። የወለጋ ገበያ ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ አለው፤ ማንጎውም በወራቱ ይትረፈረፋል። እነዚህ ሁሉ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ይይዛሉ፤ እሱም ኩላሊት ጨውን እንዲያስወጣ ይረዳል። አንጮቴያችንም መልካም ምግብ ነው፤ ችግሩ ከላዩ የሚፈስሰው ቅቤና የሚነሰነሰው ጨው ሲበዛ ነው።

በቻይና በ600 የገጠር መንደሮች የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ለግማሾቹ መንደሮች ከተራው ጨው ሩቡ በፖታሲየም ጨው የተተካበት ጨው ተሰጣቸው። በእነዚያ መንደሮች በአንጎል ደም ሥር በሽታ የሚያዘው ሰው ከሌሎቹ በ14 ከመቶ ያህል አነሰ። እንግዲህ በማድ ቤት የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ሰውን ከሽባነት ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ይሁንና የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ጨው ሐኪም ሳያማክር ሊነካው አይገባም።

ስለ ኑሮም ጥቂት ልበል። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ግፊትን ያወርዳል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ማለት ነው። ድሮ አባቶቻችን ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጥቂት መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። የወፈረ ሰው በቀነሰው በአንድ ኪሎ ልክ የላይኛው ቁጥር በአንድ ያህል ሊወርድ ይችላል። አረቄና ጠጅ ማብዛት ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጫትም ልብን ያስቸኩላል፤ ግፊትንም ያወጣል፤ ይህን ለፈተና ሲሉ ሌሊቱን የሚቅሙ ጓደኞቼ ቢያስቡበት መልካም ነው። ሲጃራ ደግሞ የተጎዳውን የደም ሥር ይብሱን ያበላሻል።

አሁን ወደ አጎቴ ነጭ ሽንኩርት እንመለስ። የአገር መድኃኒትን መናቅ የተማረ ሰው ጠባይ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም። በነጭ ሽንኩርት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግፊትን በመጠኑ እንደሚያወርድ አሳይተዋል። የተፈጨ ተልባም በካናዳ ተፈትኗል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ ሕሙማን በቀን 30 ግራም ለስድስት ወር ሲወስዱ የላይኛው ቁጥር ካልወሰዱት ሰዎች በ10 ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም ነበር። በኮንሶ የሚበላው ሽፈራው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ግፊትን እንደሚያወርድ ታይቷል፤ ለሰው ግን በመድኃኒት ፈንታ እንዲቆም የሚያደርገው ማስረጃ ገና አልተሟላም።

ዕፅ ወደ መድኃኒትነት እንዴት እንደሚደርስ ለማየት የሕንድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ራውዎልፊያ የተባለው ሥር በሕንድ አገር ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል ኖረ። ሐኪሙ ቫኪል በሕሙማን ላይ ሞክሮ፣ ግፊታቸውን እየለካ፣ ውጤቱን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1952 እ.ኤ.አ. ከሥሩ ውስጥ ሪዘርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ በዓለም ሁሉ በክኒን መልክ ተሰጠ። ሲበዛም ሰውን እንደሚያስተክዝ የታወቀው በመለካትና በመመርመር ነው። እንግዲህ የአገር ዕፅና የሐኪም ክኒን ጠላቶች አይደሉም፤ ልዩነታቸው ክኒኑ ልኩና ጉዳቱ መታወቁ ነው። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱ በወጥ ውስጥ ይግባ፤ ተልባውም ይጠጣ፤ ነገር ግን ማንም ሰው ስለ እነሱ ብሎ ክኒኑን በራሱ ፈቃድ አይተው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትን በብዛት ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ቁጥሩ 180 በ120 ከደረሰና ደረት ከወጋ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ግን የሽንኩርትም የምክርም ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ከአጎቴ ጋር በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ቁጥሩ 176 በ104 ነበር። እሳቸውም ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ምንም ሳያመኝ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድማቸው ምንም አልተናገሩም፤ ማታ ግን ቡናው ሲቀዳ ስኒያቸውን በእጃቸው ከድነው ጨው እንዳይጨመርበት ከለከሉ። ክኒናቸውንም እንደገና ጀመሩ። በቅርቡ በስልክ እንደ ነገሩኝ ቁጥሩ ወደ 142 በ88 ወርዷል። ገና ይቀራል፤ መንገዱ ግን ተጀምሯል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ይህ ጉዳይ እኛን ተማሪዎችን ይመለከተናል። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ለወላጆቻችን የምናመጣላቸው ስጦታ አይጠፋንም። ከሁሉ በፊት ግን እጃቸውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን እናስለካቸው፤ ቁጥሩንም በደብተር እንጻፍላቸው፤ በጀበናው አጠገብ ያለውን የጨው ዕቃም ጥቂት ራቅ እናድርገው።