አለርጂና አስም

የሰው አካል ያለ ጠባቂ የተተወ አይደለም። ቆዳ ከውጭ ይከልለዋል፤ የአፍንጫ ፀጉርና እርጥበት አቧራን ይይዛሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ሰርገው የሚገቡትን ተሕዋስያን እያሳደዱ ያጠፋሉ። ይህ የመከላከያ ኃይል ባይኖር ኖሮ ተራ ጉንፋን እንኳ ሰውን ለሞት ሊያበቃው በቻለ ነበር። ይሁን እንጂ ጠባቂው ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚጎዳው አካሉ ነው። አለርጂ የሚባለውም ይኸው ስሕተት ነው። ስሕተቱ በሳንባ ውስጥ ሲደጋገም ምን ዓይነት ሕመም እንደሚያስከትል ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

«አለርጂ» የሚለውን ቃል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1906 የፈጠረው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ቃሉን የመሠረተው «ሌላ» እና «ሥራ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ሲሆን፣ ይህን ስም የመረጠውም አካል አንድን ባዕድ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ ከመጀመሪያው ጊዜ በተለየ ሁኔታ እንደሚነሣበት ስለ ተገነዘበ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአለርጂ ዝንባሌ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የሻጋታ ብናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተነፍስ ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል። ነገር ግን አካሉ ያን ብናኝ ለይቶ የሚያውቅ አንቲቦዲ የተባለ ንጥረ ነገር ያዘጋጃል። በአለርጂ ጊዜ የሚሠራው የአንቲቦዲ ዓይነት «ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ» ይባላል፤ ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ባለቤቱ ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሲሠሩ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ የደረሱበትን ውጤት አሳትመዋል። ይህ አንቲቦዲ በአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ በሚገኙ ልዩ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ ሕዋሳቱ ያከማቹትን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃሉ።

ኬሚካሎቹ በአፍንጫ ውስጥ ሲለቀቁ ማስነጠስንና ንፍጥን ያመጣሉ። በሳንባ ውስጥ ሲለቀቁ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይደርሳሉ፤ አንደኛ፣ የአየር ቧንቧዎቹን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ሁለተኛ፣ የቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን ያብጣል፤ ሦስተኛ፣ ወፍራም አክታ ይበዛና የቀረውን ጠባብ መተላለፊያ ይዘጋል። ሕመምተኛው ይበልጥ የሚቸገረው አየር በማስወጣት ሲሆን፣ ሲተነፍስም ደረቱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህ ሁኔታ እየተመላለሰ ሲነሣ አስም ይባላል።

እዚህ ላይ ልታስተውሉት የሚገባ ዐቢይ ነገር አለ። ማፈኑ ቢተውም በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው እብጠት ይቆያል። አስም ሥር የሰደደ ሕመም የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። አለርጂ የሚያስነሣው ነገር በየቀኑ የሚተነፈስ ከሆነ እብጠቱ አይበርድም፤ ያበጠ ቧንቧ ደግሞ በቅዝቃዜ፣ በጭስ፣ በሩጫና በጉንፋን ሳይቀር በቀላሉ ይኮማተራል። ለዓመታት ሳይታከም የቀረ እብጠት በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቧንቧዎቹን ግድግዳ አወፍሮ ጥበቱን ቋሚ ሊያደርገው ይችላል።

አለርጂ የሚያስነሡት ነገሮች ብዙ ናቸው። የአበባ ዱቄት፣ ሻጋታ፣ የበረሮ ቆሻሻ፣ ከድመትና ከውሻ አካል የሚረግፍ ብናኝ ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። በዳቦ ጋጋሪዎች ላይ የስንዴ ዱቄት አስም ሊያስነሣ ይችላል። በብዙ አገሮች ይበልጥ የሚታወቀው ግን በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነ የአቧራ ተባይ ነው። ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ይመገባል እንጂ ሰውን አይነክስም፤ አለርጂ የሚያስነሣውም በዋነኛነት ከአካሉ የሚወጣው ቆሻሻ ነው።

አለርጂ በሳንባ ላይ ያለውን ኃይል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በስፔን አገር በባርሴሎና ከተማ የደረሰው ነው። ከ1981 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ በ26 የተለያዩ ቀናት ብዙ ሰዎች በአስም ታፍነው በድንገት ወደ ሆስፒታል ጎረፉ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። የከተማይቱ አየር መበከል ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ነበር። ተመራማሪዎች ሕመሙ የተነሣባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ ሲያመለክቱ ግን ብዙዎቹ በወደቡ አካባቢ ተሰባስበው ተገኙ። ወደ ወደቡ የገቡት ሸቀጦች ሲመረመሩም ሕመሙ በተነሣባቸው ቀናት ከመርከብ አኩሪ አተር ይራገፍ እንደ ነበር ታወቀ። ማጣሪያ ከሌለው ጎተራ የሚወጣው የአኩሪ አተር አቧራ በነፋስ ወደ ከተማው ይገባ ነበር። በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ደም ውስጥም ይህንኑ አቧራ የሚለይ አንቲቦዲ ተገኘ። ለጎተራው ማጣሪያ ከተገጠመለት በኋላ ሕመሙ እንደ ቀድሞው መመላለሱን ተወ። እንግዲህ መንስኤውን ለይቶ ማወቅ መድኃኒት ከመስጠት ባላነሰ ሁኔታ ሕይወትን እንደሚያድን ከዚህ ትረዳላችሁ።

ይሁን እንጂ የአለርጂ ዝንባሌ ብቻውን አስምን ያመጣል ማለት አይደለም። በአገራችን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳይቷል። ለአቧራ ተባይ አለርጂ መሆን በከተማው ነዋሪዎች ዘንድ ከደረት ሲርታ ጋር ተያይዞ ሲገኝ፣ በገጠሩ ነዋሪዎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም። ይህም የአኗኗር ሁኔታ የራሱ ድርሻ እንዳለው ያስገነዝባል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሁሉ ከአለርጂ እንደማይመነጭም መዘንጋት የለበትም። የትምባሆና የማገዶ ጭስ አለርጂ የሌለበትን ሰው ሳንባ ሳይቀር ቀስ በቀስ ያበላሻሉ። የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። አስም ግን ከቶ አይተላለፍም። ስለሆነም አስም ያለበትን ሰው መሸሽ ወይም ከእርሱ ጋር ከመቀመጥ መቆጠብ በእውቀት ላይ ያልተመሠረተ ድርጊት ነው። ሳይለቅ የቆየ ሳል ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ እንጂ በጎረቤት ግምት አይደለም።

የአስም ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አሉት። አንደኛው የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በፍጥነት የሚያላላ ነው። ሁለተኛው ሐኪም ባዘዘው መሠረት በየቀኑ እየተሳበ እብጠቱን የሚያበርድ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው ወዲያው ስለሚያሳርፋቸው በእርሱ ብቻ ይተማመናሉ፤ ሁለተኛውን ደግሞ «ድኛለሁ» ብለው ይተዉታል። እብጠቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥልና ሳይታሰብ ከባድ ማፈን ያስከትላል።

ጓደኛችሁ በክፍል ውስጥ በአስም ቢታፈን ቀና ብሎ እንዲቀመጥ እርዱት እንጂ አታስተኙት። ዙሪያውን ከባችሁ አትጨናነቁ፤ የሚሳበውን መድኃኒት አቀብሉት፤ መምህርም ጥሩ። መድኃኒቱ ካላሳረፈው፣ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ቦታ መወሰድ አለበት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብዙ ወጣቶች አስማቸውን የሚደብቁት ጓደኞቻቸው እንዳይሸሿቸው በመፍራት ነው። በመሆኑም ስለ ሕመሙ በትክክል ያወቀ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው መድኃኒቱን ያለ እፍረት ከኪሱ እንዲያወጣ ይረዳዋል።