የመኪና ቀለም እየተፈገፈገ እንዴት ያበራል?

አዲስ የተቀባ መኪና አንዳንድ ጊዜ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ቀለም ቀቢው ይህን ለማስተካከል የሚወስደው እርምጃ ለተመልካች ግራ የሚያጋባ ነው፤ የደረቀውን ቀለም ውኃ በጠጣ የብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ገጹ ወዲያውኑ ይደበዝዛል፤ በመጨረሻ ግን ከቀድሞው ይበልጥ አብርቶ ይወጣል። ይህን በቤታችን ለመሞከር ከማሰባችን በፊት ምክንያቱን እንመርምር።

አንድ ገጽ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ጉብታዎቹና ጭረቶቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ሲያንሱ ነው። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ጭረቶቹ ከዚህ ሲበልጡ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ዓይናችንም ድብዛዜን ያያል። ቁጥሩ 2000 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቅንጣቶቹ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆኑ ጉብታውን ቢያስተካክልም ብርሃን የሚበትን ጭረት ይተዋል። ስለዚህ ከ1500 ወደ 2000፣ ከዚያም ወደ 3000 እየተሸጋገርን፣ በመጨረሻም በማለስለሻ ቅባት እንወለውላለን። የእያንዳንዱ ደረጃ ሥራ የቀደመውን ጭረት በረቀቀ ጭረት መተካት ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ መስታወት መወልወልን የገለጸው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጭረቶቹ አይጠፉም፣ ለዓይን እስከማይታዩ ድረስ ይረቃሉ።

ውኃው ፍቅፋቂውን ያጥባል፣ ሰበቃን ይቀንሳል፣ ሙቀትንም ይወስዳል። ነገር ግን ያታልላል። ከአየር ወደ ቀለሙ የሚገባ ብርሃን 4 በመቶ ያህሉ ገጹ ላይ ይንጸባረቃል፤ ጭረቱ በውኃ ሲሞላ ግን በውኃውና በቀለሙ ድንበር የሚንጸባረቀው ከግማሽ በመቶ ያንሳል። የውኃው ገጽ ደግሞ ለስላሳ ነው። በዚህ ምክንያት እርጥብ ገጽ ያለቀለት ይመስላል። ሥራችንን መመዘን ያለብን ገጹን አድርቀን ነው።

በማሽን ስንወለውል ሌላ አደጋ ይመጣል። ቀለም ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ በሰበቃ የተፈጠረው ሙቀት እዚያው ይከማቻል፤ ማሽኑ አንድ ቦታ ከቆየ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይቃጠላልም። በጠርዞች ላይ ደግሞ ያው ኃይል በጠባብ ስፋት ላይ ስለሚያርፍ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ቀለሙም ቶሎ ይበላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ስንት ቀረን?» የሚለው ነው። በዘመናዊ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉራችን ይቀጥናል። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቁት ኬሚካሎች የሚገኙት በዚህ ሽፋን ውስጥ ነው። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ የሽፋኑ ሸክም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይከብዳል። የፈገፈግነው ማይክሮሜትር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

እንግዲህ ጥፍራችንን ስናንሸራትትበት የሚይዘውን ጭረት ጨርሰን ለማጥፋት አንታገል፤ ጭረቱን ለማጥፋት ሽፋኑን ሁሉ ልናጣ እንችላለን። በረቂቁ ወረቀት እንጀምር፣ ደጋግመን እናድርቅ፣ ጠርዞችን እንራቅ። መኪናው ዛሬ የሚያገኘው ድምቀት ከነገው ዕድሜው ላይ የሚከፈል ነውና፣ በቃ የምንልበትን ጊዜ ማወቅ የሥራው ዋና ክፍል ነው።